አዲስ ፕሮግራምን ከኮምፒውተርዎ ለይቶ እንዴት መሞከር ይቻላል?

ፕሮግራም መጫን ቀላል ነው፤ ፈተናው ማራገፉ ላይ ነው። ብዙዎቹ ተራገፉ ከተባለ በኋላም በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) እና በተደበቁ ፎልደሮች ውስጥ ርዝራዣቸው ይቀራል። ስለዚህ ገና ያላመኑትን ፕሮግራም መጀመሪያ በተከለለ ቦታ ያስኪዱት።

የዊንዶውስ ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኤዱኬሽን እትም ካለዎት ዊንዶውስ ሳንድቦክስ፣ ማለትም በተከለለ መስኮት ውስጥ የሚሄድ ጊዜያዊ ዊንዶውስ፣ አብሮት ይመጣል። ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋባይት ራም ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከ8 በታች ትዕግሥት ያስጨርሳል። በቅድሚያ ታስክ ማናጀርን ከፍተው «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ሲፒዩን ይጫኑ። «ቨርቹዋላይዜሽን» (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር ለማስኬድ የሚያስችለው አቅም) ከሚለው ጎን «ዲሴብልድ» (ጠፍቷል) ካለ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ ማብራት ግድ ነው፤ በኢንቴል «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»፣ በኤኤምዲ «ኤስቪኤም» በሚል ስም ያገኙታል። ዲስክዎ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ) የተቆለፈ ከሆነ ባዮሱን ከመንካትዎ በፊት ባለ 48 አኃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ወረቀት ላይ ይገልብጡ፤ ከለውጡ በኋላ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ቀሪው አጭር ነው። «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ውስጥ ሳንድቦክሱን መርጠው ኮምፒውተሩን ዳግም ያስነሱ፤ ከዚያም መጫኛ ፋይሉን በሳንድቦክሱ መስኮት ውስጥ ይለጥፉ። መስኮቱ ሲዘጋ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ክፍት እያለ ግን የይለፍ ቃል ኮፒ አያድርጉ፤ ኮፒ ያደረጉት ወደ ውስጥም ይሻገራል።

ሆም እትም ላይ ይህ የለም። እዚያ የምመርጠው ፕሮግራሞችን በተከለለ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬደውን ሳንድቦክሲ ፕላስን ነው። ከጫኑት በኋላ በፕሮግራሙ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው በሳጥን ውስጥ እንዲሄድ ያዛሉ፤ በቃ።

አስቸጋሪው ሥራዎን ሲያስቀምጡ ነው። ደብዳቤ ጽፈው ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጡ እንበል። ፕሮግራሙ «ተቀምጧል» ይላል፤ በራሱ የፋይል መክፈቻ ሲያዩም ፋይሉ አለ። እውነተኛው ዴስክቶፕ ላይ ግን ምንም የለም። ሳንድቦክሲ ጽሑፉን ሲ ድራይቭ ላይ «ሳንድቦክስ» ወደሚባል ፎልደር አዙሮታልና። ይህን ያላወቀ ሰው ሳጥኑን ሲያጸዳ ሥራውን አብሮ ይሰርዛል። ሳንድቦክሲ ፋይል እንዲያወጡ የሚጠይቅዎ እንደ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላሉ ለተመዘገቡ ፎልደሮች ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ያስቀመጡትን ከማጽዳትዎ በፊት ራስዎ ፈልገው ያውጡ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የተለመደው የሳንድቦክሲ ሳጥን ፕሮግራሙ ከሳጥኑ ውጭ እንዳይጽፍ ይከለክላል እንጂ ፋይሎችዎን እንዳያነብ አያግደውም። በእርግጥ የሚያጠራጥር ነገር ከሆነ በዚህ አይተማመኑ። ቨርቹዋልቦክስ (ምናባዊ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ሌላ ሥርዓተ ክወና ይጫኑ፤ ምንም ፎልደር ሳያጋሩ ስናፕሾት (በኋላ የሚመለሱበትን የወቅቱን ሁኔታ ቅጂ) ይያዙ፤ ፋይሉን እዚያ ይክፈቱ፤ ሲጨርሱም ወደ ስናፕሾቱ ይመለሱ።