ታንከር የሌለው የውሃ ማሞቂያ እንዴት ይገጠማል?

ይህ ማሞቂያ ውሃ አያጠራቅምም። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው በውስጡ እያለፈ ይሞቃል። ለዚህም በአንድ ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ መስመራችሁ ይችለው እንደሆነ እዩ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በደቂቃ የሚፈስሰውን ሊትር፣ ውሃው እንዲጨምር በምትፈልጉት ዲግሪ አባዙት። ውጤቱን እንደገና በ0.07 ስታባዙ ኪሎዋቱ ይመጣል። ሻወሩ በደቂቃ 5 ሊትር ቢያፈስ፣ ውሃውም ከ15 ወደ 40 ዲግሪ እንዲሞቅ ብትፈልጉ 8.75 ኪሎዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት 40 አምፔር ማለት ነው። ይህን ሶኬት ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው! ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) እና 30 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ ይፈልጋል። ይህን ሥራ ለኤሌክትሪሺያን ስጡት። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ማሞቂያው ይቆይ፣ ኧርዙ ይቅደም።

የቀረው እንዲህ ነው። ብሬከሩን አጥፉ፤ መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። ዋናውን የውሃ መስመር ዝጉ። ማሞቂያውን ለሻወሩ ቅርብ፣ ግን ውሃ የማይረጭበት ግድግዳ ላይ በፊሸርና በብሎን እሰሩት። ከራቀ ሙቅ ውሃው እስኪደርስ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይባክናል። በመግቢያው በኩል መዝጊያ ቫልቭና ማጣሪያ ወንፊት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ሰማያዊው መግቢያ፣ ቀዩ መውጫ ነው፤ መመሪያውን ግን አንብቡ። የመገጣጠሚያዎቹ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ጠምጥሙ፤ ሲታሰር በልኩ ይሁን፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃል።

አሁን ቀስ በሉ። ብሬከሩ እንደጠፋ ውሃውን ልቀቁ፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ከፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ። መጀመሪያ እየተፋ፣ እየቆራረጠ ይመጣል፤ አየሩ እየወጣ ነው። ፍሰቱ እስኪስተካከል ጠብቁ። ውስጡ አየር እያለ መብራት ከተለቀቀ ማሞቂያ ሽቦው ደርቆ ይቃጠላል፤ አዲስ ዕቃም በዚህ ችኮላ በመጀመሪያው ቀን ሊበላሽ ይችላል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ አድርጉ።

መገጣጠሚያዎቹ የማያንጠባጥቡ ከሆነ ብሬከሩን አብሩ። ውሃው ለብ ብሎ ከቀረ ቧንቧውን ትንሽ ቀንሱት፤ በዝግታ ሲያልፍ ይበልጥ ይሞቃል። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ፍሰቱ አንሶበት ሊሆን ስለሚችል ወንፊቱን አውጥታችሁ እጠቡት።