ለድራግ መኪና ክሮቸራ ስትመርጡ

የድራግ (በአጭር ቀጥታ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) መኪና ክሮቸራ፣ ማለትም የማስተላለፊያ ዘንጉን ጫፍ የሚያገናኘው ባለ መስቀል መጋጠሚያ፣ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ገና ሲነሳ ነው። 500 ፓውንድ-ጫማ ጉልበት ያለው ሞተር በቲኤች400 ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ በ2.48 ሲባዛ 1,240 ይደርሳል። ሞተሩን ከካምቢዮው በዘይት የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ደግሞ ይጨምርበታል። ይሄ ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ትንሽ መስቀል ነው። ለዚህ ነው ደንበኞቼን ከፈረስ ጉልበት በፊት ስለ ጎማና ስለ ክብደት የምጠይቃቸው። ጎማው ከተሽከረከረ ክሮቸራው ይተርፋል። ስሊክ (ጥርስ የሌለው የውድድር) ጎማ አስፋልቱን ነክሶ ሲይዝ ግን ጫናው ሁሉ ክሮቸራው ላይ ነው።

በብዛት የምታገኟቸው የክሮቸራ መጠኖች 1310፣ 1330 እና 1350 ናቸው። 1330 ከ1310 ቢሰፋም የመስቀሉን ክንድ ጫፍ የሚሸፍነው ክብ ቆብ ዲያሜትሩ ያው 27 ሚሊሜትር ነው። 1350 ስፋቱ እንደ 1330 ነው፤ ቆቡ ግን 30 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ የመስቀሉ ክንድ ይወፍራል። ስሊክ ለሚያስገባ ሰው 1350 ነው፣ አለቀ።

ግራሶ መሙያ ያለውን ለመንገድ መኪና ተዉት። ውስጡ የተበሳ መስቀል ይደክማል። ድፍኑን ግዙ።

ስትገጥሙ ቆቡን የሚይዘው ክሊፕ አልገባ ካለ በመዶሻ አትደብድቡት። ብዙ ጊዜ አንዷ የኩሽኔታ መርፌ (ቀጭን ሮለር) ቆቡ ውስጥ ወድቃ ነው። አውጥታችሁ መርፌዎቹን በግራሶ ዙሪያውን አጣብቋቸው። ከገባ በኋላ በእጅ ሲዞር መንከስ የለበትም። ክሮቸራውን የሚያስረውን ዩ-ብሎንም ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ ቆቡን ያጣምመዋል።

ከውድድር በኋላ መኪናው ስር ግቡ። ቆቡ ዙሪያ ቡናማ የዝገት ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ደርቋል፣ ቀይሩት። ዘንጉ ቢሰበር እንዳይወድቅ የሚይዘው የዘንግ መያዣ ቀለበትም ከፊተኛው ክሮቸራ በ6 ኢንች ርቀት ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ።