በወረርሽኝ ጊዜ የቀረ ሠራተኛ ደመወዝ አከፋፈል፦ ለጅማ አሠሪዎች

ወረርሽኝ ሲገባ የደመወዝ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሦስት ዓይነት ቀሪ በአንድ ዓይን ሲታይ ነው። የታመመ አለ፣ ሳይታመም «ቤትህ ቆይ» የተባለ አለ፣ ድርጅቱ ተዘግቶ የቀረ አለ። ሒሳባቸው ስለሚለያይ መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብቻ አይጻፍ።

የታመመው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 ይታያል። ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ደግሞ ያለ ክፍያ። ደመወዟ 6,000 ብር የሆነች የቡና መጋዘን ሠራተኛ ስድስቱንም ወር ብትተኛ ከግብር በፊት 6,000፣ 3,000 እና 3,000፣ በድምሩ 12,000 ብር ታገኛለች።

ፈቃዱ ተቆራርጦ ሲወሰድ ነው ስህተቱ የሚበዛው። ይህችው ሠራተኛ በጥር ወር ለ10 ቀን ታማ ተመለሰች፤ በሚያዝያ ደግሞ ለ25 ቀን ታማ ቀረች እንበል። ወሩን በ30 ቀን ካሰብነው፣ በጥር የወሰደችው 10 ቀን ስለሚደመር፣ ከሚያዝያው 20ው ቀን በሙሉ ደመወዝ፣ 5ቱ በግማሽ ይከፈላል። አዲስ የሐኪም ወረቀት በመጣ ቁጥር ከአንድ የሚጀምር የሒሳብ ሠራተኛ ድርጅቱን ይጎዳል። መስከረም ሲጠባ ቆጠራውን የሚያድስም እንዲሁ፤ ሕጉ የሚቆጥረው ከሕመሙ ቀን ነው። ቀኖቹን ከዓመት እረፍት መቀነስም አይቻልም።

ፈቃዱ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ ደግሞ የለም። በቃል ቀጥሮ «ገና አዲስ ናት» ማለት አያዋጣም።

ሠራተኛው በቀረ ማግስት ያሳውቃል፤ አሠሪው የሚያውቅበት ሁኔታ ካለ ወይም ማሳወቅ ካልተቻለው በስተቀር። ዕውቅና ካለው የጤና ተቋም ማስረጃም ያመጣል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም በሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወረፋ ሲበዛ ወረቀቱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ስልክ መልእክቱን ተቀብሎ ወረቀቱ የሚቀርብበትን ቀን መቁረጥ ይሻላል። በወረቀቱ ላይ የሚታየው ፈቃዱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ነው። የበሽታውን ስም ግን ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነውር ነው። የአሠራር ማስታወቂያው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይውጣ።

ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ከበሽተኛ ጋር ስለነበረ ብቻ በአሠሪው ትእዛዝ ቤት የተቀመጠ ሰው የሕመም ፈቃዱ አይነካበትም። ሠራተኛው በእሱ ምክንያት ባልሆነ ነገር ካልሠራ ደመወዙ አይቀርበትም የሚለው ድንጋጌ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። የዓመት እረፍቱን ሊጠቀም ከፈለገ በፊርማው ይሁን።

በአካባቢው የተዛመተ ወረርሽኝ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። በሽታውን ለመከላከል ብቻ የተመደበ ሠራተኛ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱ በበሽታው ቢያዝ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ክሊኒክ ያላችሁ ይህን አጢኑት።

ድርጅቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት 10 ተከታታይ ቀንና ከዚያ በላይ ከቆመ የሥራ ውሉ ሊታገድ ይችላል። ይህ ግን በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል። ዝም ብሎ በሩን ቆልፎ ደመወዝ ማቆም እገዳ አይባልም።

የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። በ2012 በኮቪድ ጊዜ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ሠራተኛ መቀነስን ከልክሎ ነበር፤ ዘመኑ ስላለፈ ያንን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታችሁ አትጥቀሱ። አዲስ ወረርሽኝ ከመጣ አዲስ መመሪያ መውጣቱን መጀመሪያ ጠይቁ።