ሞተር አጥፍቶ ማደር፦ ትራክ ላይ ያለ የሜታኖል ፊውል ሴል ሲያስቸግር

አሜሪካ ውስጥ ሎንግ ሆል ለምትነዱ ነው ይሄ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሰራ (አይድል) ሲያድር በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይበላል፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በአብዛኛው ከ5 ደቂቃ በላይ ካስነሳችሁት ያስቀጣል። ስለዚህ ፍሪጁን፣ የስሊፐሩን (ከወንበሩ ጀርባ ያለውን መኝታ) ሂተርና ላፕቶፑን እንድታንቀሳቅስልኝ ትንሿን የሜታኖል ፊውል ሴል፣ ማለትም ሜታኖል ከሚባለው አልኮል ኤሌክትሪክ አመንጭታ ባትሪ የምትሞላ ሳጥን፣ አስገጠምኩ። ተበላሸች ብዬ ስንቴ ተራግሜያታለሁ፣ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሽቦና የቱቦ ሆኖ ነው የተገኘው።

ሞተር አጠፋሁ፣ ሴሉ ግን ዝም አለ

አልተበላሸም። ስትነዱ ኦልተርኔተሩ (በሞተሩ የሚዞረው ጄኔሬተር) ባትሪውን ሞልቶታል፣ ሴሉ ደግሞ የሚነሳው ቮልቱ ወደ 12.3 አካባቢ ሲወርድ ነው። ፍሪጁን አብሩና ጠብቁ።

ሌሊቱን ሙሉ ሰርቶ ጠዋት ባትሪው ባዶ

እዚህ ላይ ሂሳብ እንስራ። 80 ዋት የሚሰጥ ሴል 24 ሰዓት ቢሰራ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በቃ። ፍሪጅና ሂተር በአማካይ 60 ዋት ቢወስዱ በ10 ሰዓት እረፍታችሁ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ይሄ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ሜታኖል ነው፣ ምንም አይከብደውም። ኤሲ ካበራችሁ ግን 500 ዋትና ከዛ በላይ ስለሚጎትት አይችለውም፣ ይችላል ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል። ሌላው ስህተት ከአራቱ የማስነሻ ባትሪዎች ጋር ማገናኘት ነው፣ በ6 አምፔር ያን ሁሉ ለመሙላት ቀናት ይፈጃል። ለስሊፐሩ የራሱን ባትሪ ለዩለት።

ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል

እኔን ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው። ላራሚ ዋዮሚንግ፣ በረዶ፣ መልቲሜትሩን ይዤ ወጣሁ። ሴሉ ጋ 14.2 ቮልት፣ ባትሪው ጋ ስለካ 12.9። ሴሉ ባትሪው ሞላ ብሎ ይተኛል፣ ባትሪው ግን ገና ግማሽ ነው። ሽቦውን በእጄ እየተከተልኩ ስሄድ አረንጓዴ ዝገት ያበቀለች አንዲት ተርሚናል አገኘሁ፣ በዛ ብርድ ስነካት ሞቃለች! ፈትቼ በብረት ብሩሽ ፈገፈግኳት፣ ሰራ። ወፍራም ሽቦ ተጠቀሙ፣ ቮልት የሚያነቡት ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ከወፍራሞቹ ጋር ሳይቀጠሉ ቀጥታ ባትሪው ላይ ይታሰሩ።

ክረምት ላይ ኤረር ሰጥቶ ይቆማል

ጭሱ ውስጥ ብዙ የውሃ እንፋሎት አለ፣ ውሃ ደግሞ በረዶ ይሆናል። የጭስ ቱቦው መሀል ላይ ሆድ አውጥቶ ከሆነ እዛ ጋ ይጠራቀምና በረዶ ሆኖ ይዘጋል። ቱቦው አጭር ይሁን፣ ወደ ታች ያዘንብል፣ አልብሱት። ከዘጋ በሞቀ ውሃ አሟሙት፣ እሳት እንዳታቀርቡ። እረፍት ልትወጡ ትራኩን ስታቆሙ ደግሞ ካርትሪጁ (የሜታኖሉ ጀሪካን) ባዶ እንዳይሆን፣ ምክንያቱም ሴሉ ራሱን ከብርድ የሚጠብቀው አልፎ አልፎ እየተነሳ በሜታኖሉ ነው፣ ውስጡ አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀ።

ተራራ ላይ ጉልበቱ ቀነሰ

ከ1500 ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳ ይቀንሳል። ኮሎራዶ አይዘንሃወር ታነል 3400 ሜትር ነው፣ እዛ አጠገብ ብታድሩ አትገረሙ።

አዲስ ሜታኖል ካደረግኩ ወዲህ ደከመ

የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሽም ሜታኖል አለበት ብላችሁ ሞልታችሁ ከሆነ ስታኩን (ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨውን የሴሉን ልብ) ገድላችሁታል፣ መፍትሄ የለውም፣ መቀየር ነው። ለሴል ተብሎ በካርትሪጅ የሚሸጠውን ንጹህ ብቻ ግዙ። ደግሞ ሀገር ቤት ናፍጣ በጎማ በአፋችን ስበን እንደምንቀዳው እዚህ እንዳትሞክሩት፣ ሜታኖል ትንሹም ዓይን ያጠፋል። ሲነድ ነበልባሉ ቀን ላይ አይታይም፣ ስለዚህ ካርትሪጅ ስትቀይሩ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገባችሁ እንዳይቆም።