የሞላ አውሮፕላን አያታልላችሁ፦ የተሳፋሪ ፍላጎት ትንበያ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

የአየር መንገድ የተሳፋሪ ትንበያ መሥራት የጀመረ ሰው ሞዴሉን፣ ማለትም ካለፈው ዳታ ተምሮ የሚተነብየውን ስሌት፣ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የምትተነብየው የተሸጠውን ነው ወይስ የተፈለገውን?» ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አንዳንዶቹ «ልዩነት አለው እንዴ?» ይሉኛል። አለው፤ የሥራው ዋና ችግር እሱ ነው። ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

ሽያጭን እንደ ፍላጎት መቁጠር

150 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን 150 ሰው ይዞ በረረ እንበል። ዳታቤዙ ውስጥ 150 ተብሎ ገባ። ስንት ሰው መሄድ ፈልጎ ነበር? 151 ሊሆን ይችላል፣ 230ም ሊሆን ይችላል። ቦታ የለም ተብሎ የተመለሰው ሰው የትም አልተመዘገበም። ሞዴሉ ግን 150ን እውነት ነው ብሎ ይማራል። በዓመቱ ለዚያው በረራ 150 ይተነብያል፣ አውሮፕላኑም 150 ይዞ ይነሳል። ሁሉም ሰው ትንበያው ልክ ገባ ብሎ ይደሰታል።

ችግሩ በሞላ አውሮፕላን ብቻ አያበቃም። አንዱ በረራ ውስጥ መቀመጫው በብዙ የዋጋ ደረጃ ይሸጣል። ርካሹ ደረጃ ቀድሞ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ቡኪንጉ (የተያዘው ቦታ ብዛት) ዜሮ ይሆናል። ይህ ዜሮ ፈላጊ ጠፋ ማለት አይደለም፤ በሩን የዘጋነው እኛ ነን።

እኔም መጀመሪያ በሠራሁት ሲስተም ይህንኑ ተሳስቻለሁ። ርካሹ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይዘጋ ነበር። ሞዴሌ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ርካሽ ትኬት የሚፈልግ የለም ብሎ ተማረ። ስህተቱን ያገኘሁት የበረራዎቹን የቡኪንግ መስመር በግራፍ ላይ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ሳይ ነው። መስመሩ እየወጣ እየወጣ ይመጣና በአንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጣዩም በረራ እንደዚያው። ሰው ሁሉ ተነጋግሮ በአንድ ቀን መግዛት አያቆምም። ለወራት የደከምኩበት ሞዴል የተማረው የራሳችንን የሽያጭ ውሳኔ ነበር።

የባሰው ደግሞ ይህ ስህተት ራሱን እየመገበ ማደጉ ነው። ኬን ሊትልዉድ የብሪታንያው ቢኦኤሲ አየር መንገድ ውስጥ እየሠራ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ደንብ አለ፤ ዛሬም የሥራው መሠረት ነው። ውዱ ትኬት 300፣ ርካሹ 120 ቢሆን፣ መቀመጫውን በርካሽ የምትሸጠው በውዱ የመሸጥ ዕድሉ ከ40 በመቶ በታች ሲሆን ነው። 120ን ለ300 አካፍሉት፣ በቃ። አሁን የውዱ ትኬት ትንበያ ከእውነቱ በታች ሆነ እንበል። ሲስተሙ ለውዱ የሚያስቀምጠውን መቀመጫ ይቀንሳል። ርካሹ ክፍት ሆኖ ይቆያል። 300 ከፍሎ ይሄድ የነበረው ሰው 120ውን ሲያገኝ ለምን 300 ይከፍላል? ርካሹን ይገዛል። በሚቀጥለው ዙር ዳታው የውዱ ፈላጊ ቀንሷል ይላል፣ ትንበያውም ይበልጥ ይወርዳል። ማንም ሳያስተውለው ገቢው ደረጃ በደረጃ ይንሸራተታል። ሞዴሉ ደግሞ በየዙሩ ትክክለኛ መስሎ ይታያል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከማከማቸት ነው። በየቀኑ ቡኪንጉን ስትመዘግቡ የትኛው ደረጃ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደነበር አብራችሁ መዝግቡ። ይህን በኋላ ከየትም አታመጡትም፤ ዛሬውኑ ጀምሩ። ከዚያ የተዘጋውን ቁጥር «ቢያንስ ይህን ያህል» ብላችሁ ያዙት። ለጀማሪ የሚሆን ስሌትም አለ። ሳይዘጉ በቆዩ በረራዎች ላይ መነሻው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ከጠቅላላው ቡኪንግ 60 በመቶው ይገባል እንበል። በዚያ ቀን በ30 ቡኪንግ የተዘጋ በረራ ካላችሁ ፍላጎቱ ወደ 50 ይጠጋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ሳይዘጉ የሚቆዩት ብዙውን ጊዜ ፈላጊ ያነሳቸው በረራዎች ናቸው። ስለዚህ ይህንንም ግምት በጭፍን አትመኑት።

ሳያውቁ የወደፊቱን ዳታ መጠቀም

ይህኛው ልብ ይሰብራል። አንድ ቡድን ውስጥ የሙከራ ውጤታችን በጣም አምሮ ነበር። ሥራ ላይ ባዋልነው በመጀመሪያው ሳምንት ግን ትንበያው በሁሉም በረራ ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ የተሰረዙ ቡኪንጎች ነበሩ። የቡኪንግ ሰንጠረዡ አንድ ሰው ሲሰርዝ የድሮውን መዝገብ ያጠፋል። ስለዚህ «ከመነሻው 30 ቀን በፊት ስንት ነበር?» ብለን ስንጠይቅ የመለሰልን እስከ መጨረሻው የቆዩትን ብቻ ነው። 40 ያለን ቀን በእውነቱ 50 ነበር። ሞዴሉ 40 ሲያይ 100 ይሆናል ብሎ ተማረ። ሥራ ላይ 50 ሲያይ 125 አለ። የየቀኑን ሁኔታ እንደነበረ ካላስቀመጣችሁ ከዚህ አታመልጡም።

ዳታውን በዘፈቀደ ለሥልጠናና ለሙከራ የምትከፋፍሉም ተዉ። በጊዜ ቅደም ተከተል ክፈሉት፤ አለበለዚያ ሞዴሉ የወደፊቱን አይቶ ያለፈውን ይተነብያል።

በመማሪያው ዳታ መለማመድና እዚያው መቅረት

ሁላችንም የጀመርነው በዚያው ለመማሪያ በታወቀው የአየር መንገድ ዳታ፣ በወርሃዊ የዓለም አቀፍ ተሳፋሪዎች ቁጥር፣ ነው። ከ1949 እስከ 1960 እ.ኤ.አ.፣ 144 ወራት። በጥር 1949 በ112 ሺህ ተሳፋሪ ይጀምራል፣ በሐምሌ 1960 እስከ 622 ሺህ ይደርሳል። እድገቱ ለስላሳ፣ ወቅቱ ግልጽ። ሎጋሪዝም ይወሰድና ይሠራል። ጀማሪዎች ሲወዱት ደስ ይለኛል፣ ብዙ ያስተምራል። ግን የእናንተ ሥራ ለአንድ በረራ፣ ለአንድ የዋጋ ደረጃ፣ ለአንድ ቀን መተንበይ ነው። እዚያ ዳታው 3፣ 0፣ 1፣ 0፣ 7 ነው የሚለው። የዜሮ ሎጋሪዝም የለም።

የስህተት መለኪያችሁንም ተመልከቱ። በመቶኛ ስህተት የምትለኩ ከሆነ፣ 2 ተሳፋሪ በመጣበት 4 ማለት 100 በመቶ ስህተት ነው። ወደ ታች ግን የፈለገውን ያህል ብትሳሳቱ ከ100 አያልፍም። በዚህ የተመረጠ ሞዴል ወደ ታች ያደላል። ወደ ታች ያደላ ትንበያ ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል።

ቀን መቁጠሪያ

ካለፈው ዓመት ጋር ስታወዳድሩ 364 ቀን ወደ ኋላ ሂዱ። 365 ብትሄዱ ሰኞን ከእሑድ ጋር ታወዳድራላችሁ። ተንቀሳቃሽ በዓላትን ደግሞ በቀን ቁጥር አትያዙ። የምዕራባውያን ፋሲካ ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዋልላል። ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በዓሉ ስንት ቀን ቀረው፣ ስንት ቀን አለፈው ብላችሁ ቁጠሩ። መሄጃውንና መመለሻውንም ለዩ። ከበዓሉ በፊት የሚሞላው አቅጣጫ ከበዓሉ በኋላ ባዶ ሊሄድ ይችላል።

2020ንም ዝም ብላችሁ አትተዉት። የዓለም የመንገደኞች ትራፊክ ከ2019 ጋር ሲነጻጸር 65.9 በመቶ ወርዶ ነበር። ያንን ዓመት እንደ ተራ ዓመት ያየ ሞዴል ወቅቶችን ያበላሻል። ቆርጣችሁ ብትጥሉትም 364 ቀን ወደ ኋላ የሚሄደው ስሌታችሁ ባዶ ላይ ያርፋል። ምልክት አድርጉበትና ለየት አድርጋችሁ ያዙት።

የበረራ መስመሩን የሚያውቀውን ሰው አለመጠየቅ

አንድ ጊዜ ሞዴላችን ለአንድ የማታ በረራ እርባና የሌለው ትንበያ ይሰጥ ነበር። ታሪክ የለውም፣ አዲስ በረራ ነው ብለን ተቀብለነው ነበር። ያንን መስመር ለዓመታት የተከታተለች የሽያጭ ባልደረባችን ስክሪኑን አየችና «ይሄ እኮ የጠዋቱ በረራ ነው፤ ሰዓቱንና ቁጥሩን ቀየሩት እንጂ ተሳፋሪው ያው ነው» አለች። የድሮውን ቁጥር ፈልገን ስናገናኘው የአራት ዓመት ታሪክ ተገኘ።