ሁለት የተያያዙ ፋይሎችን ያለ ፕሮግራሚንግ ወደ አክሰስ (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም) ማስገባት

የኮምቦልቻው የመለዋወጫ ሱቃችን መረጃ በሁለት ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) ፋይል ነው፤ ደንበኞችና ትዕዛዞች። የሚያገናኛቸው የደንበኛ ቁጥር (ኮድ) ነው። አክሰስ ውስጥ ገቡ፣ ግንኙነቱ ግን አሻፈረኝ አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዱ ጋ «00417»፣ ሌላው ጋ «417» ሆኗል! በትዕዛዙ ፋይል ላይ ኮዱ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ስለተጻፈ እንደ ቁጥር ተቆጥሮ ዜሮዎቹ ተቆርጠዋል።

ሰንጠረዦቹን አጥፍቼ እንደገና አስገባሁ። ማስገቢያው ዊዛርድ ላይ የኮዱን አምድ በሁለቱም «ሾርት ቴክስት» (ጽሑፍ) አደረግሁት። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ከተቀመጠ «አድቫንስድ» ውስጥ ኮድ ፔጁን (የፊደላት አጻጻፍ ስልቱን) 65001፣ ማለትም ዩቲኤፍ-8፣ ማድረግ የግድ ነው፤ ያለዚያ የአማርኛ ስሞች ይበላሻሉ። በደንበኞች ሰንጠረዥ ላይ ኮዱን ዋና ቁልፍ (የማይደጋገም መለያ) አደረግሁ።

«ፋይንድ አንማችድ» የሚባለው ኩዌሪ (የመረጃ መጠይቅ) በደንበኞች ሰንጠረዥ ላይ ደንበኛ የሌላቸውን ትዕዛዞች ለቅሞ አወጣልኝ። በጣም ወደድኩት። ከደረሰኝ ጋር አመሳክረን አረምናቸው። ከዚያ በ«ሪሌሽንሺፕስ» መስኮት ኮዱን ከኮዱ ጋር ሳገናኝ ወዲያው ተቀበለ።