ሁለት የታሮት ካርዶችን አጣምሮ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ታሮት አንባቢው ለአንድ ጠያቂ ጥያቄ መልስ የሚፈልግባቸው ባለ ሥዕል ካርዶች ናቸው፤ አንዱ ጥቅል 78 ካርዶች አሉት። ሁለት ሁለት እያደረግን ብናጣምራቸው 3,003 ጥንዶች ይወጣሉ፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደወጣ ከቆጠርን ደግሞ 6,006 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በቃሌ ልያዝ ያለ ሰው ብዙም ሳይቆይ ይታክተዋል። ሌላው የተለመደ መንገድ የአንዱን ካርድ ትርጉም ከመጽሐፍ አንብቦ፣ የሌላውንም አንብቦ፣ ሁለቱን በ«እና» ማያያዝ ነው፦ «መለየት እና ደስታ»፣ «ኪሳራ እና ተስፋ»። እንዲህ ሲሆን ጠያቂው የሚሰማው ሁለት የተነጣጠሉ ቃላት ብቻ ነው። ጥንድ ካርድ የሚናገረው አንደኛው በሌላው ላይ ምን እንዳደረገ ስናይ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህንኑ ለማግኘት የሚረዱ ናቸው።

ምሳሌዎቹን የወሰድኩት እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ ከታተመው፣ አርተር ኤድዋርድ ዌይት ካሰናዳውና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ከሣለችው ጥቅል ነው። ሠዓሊዋ በቁጥር ካርዶቹ ላይ ሳይቀር ሰዎችንና ድርጊቶችን ስላስገባች ጥንድ ማንበብ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። እንደ ማርሴይ ታሮት ባሉት የቆዩ ጥቅሎች የቁጥር ካርዶቹ የሚያሳዩት ጽዋ፣ ሰይፍ፣ በትር ወይም ሳንቲም በቁጥሩ ልክ ብቻ ስለሆነ እዚያ ንባቡ በቁጥሩና በምድቡ ላይ ይደገፋል።

1. ጥያቄውንና የካርዶቹን ቦታ አስቀድሞ መወሰን

ካርዱን ከመበወዛችሁ በፊት ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ አንደኛው ካርድ ስለ ምን፣ ሁለተኛውስ ስለ ምን እንደሚናገር ወስኑ። «ሁኔታውና እንቅፋቱ»፣ «መነሻውና መድረሻው»፣ «እኔና እሱ» ጥሩ ጥሩ አማራጮች ናቸው። በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦታውን ካርዱ ከወጣ በኋላ የሚመርጥ ሰው ሳያውቀው የሚመኘውን መልስ ይመርጣል።

2. ትርጉሙን ሳይሆን ሥዕሉን ማየት

አብዛኛው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው «ሥራዬን ልልቀቅ ልልቀቅ የሚለኝ ስሜት ከየት መጥቶ ወዴት እየወሰደኝ ነው?» ብሎ ጠየቀ እንበል። በመነሻው ቦታ አራት ጽዋ፣ በመድረሻው ስምንት ጽዋ ወጣ።

በአራት ጽዋ ላይ አንድ ወጣት እጁን አጣጥፎ ከዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሦስት ጽዋዎች ከፊቱ አሉ። ከደመና የወጣ እጅ አራተኛውን ይዘረጋለታል፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አላየውም። በስምንት ጽዋ ላይ ደግሞ ቀይ ካባ የለበሰ ሰው ምርኩዙን ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ተራራው ይሄዳል። ትቷቸው የሄደው ጽዋዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ከታች አምስት፣ ከላይ ሦስት። ከላይኛው ረድፍ መሐል አንድ ጽዋ የጎደለ ይመስል ክፍት ቦታ አለ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እዩ። የተቀመጠው ተነስቷል። ቁጥሩ እጥፍ ሆኗል፤ የሰበሰበው ጽዋ በዝቷል፣ ጉድለቱ ግን አልሞላም። እንግዲህ መልሱ «መሰላቸትና መሄድ» ከሚለው በጣም የራቀ ነው። የቀረበለትን አልፈልግም ብሎ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው የጎደለው ሌላ ነገር እንደሆነ ገብቶት መንገድ ጀምሯል። ጠያቂውን «ያ ክፍት ቦታ ለአንተ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ውይይቱ ከዚያ ይቀጥላል።

ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ? ሰውየው መጀመሪያ ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ዛፍ ሥር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መሰላቸቱ አብሮት ተጉዟል ማለት ነው። ካርዶቹ ያው ሆነው ምክሩ ግን ተለወጠ፤ ቅደም ተከተልን የማይቆጥር ንባብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

3. የትኛው ካርድ ይከብዳል?

ከ78ቱ እንደ ሞት፣ ግንቡና ኮከቡ የየራሳቸው ስም ያላቸው 22ቱ ሜጀር አርካና፣ በጽዋ፣ በሰይፍ፣ በበትርና በሳንቲም የተመደቡት 56ቱ ማይነር አርካና ይባላሉ። አንድ ሜጀርና አንድ ማይነር ሲገናኙ ሜጀሩ ትልቁን ጉዳይ፣ ማይነሩ ደግሞ ጉዳዩ በሕይወት ውስጥ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚታይ ያሳያል። ሞት ከሁለት ጽዋ ጋር ቢወጣ ሁለት ጽዋ ላይ ጽዋቸውን የሚለዋወጡ ወንድና ሴት አሉ፤ ስለዚህ የሚያበቃው ወይም መልኩን የሚለውጠው በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ቃል ኪዳን ነው። ሞት የሚለውን ካርድ የሰው ሕይወት ማለፍ አድርጎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ጠያቂንም በከንቱ ያስደነግጣል።

ሁለቱም ሜጀር ከሆኑ ቁጥራቸውን እዩ። ግንቡ 16፣ ኮከቡ 17 ነው፤ በተራ ይከታተላሉ። በመብረቅ ከተመታው ግንብ ሰዎች ይወድቃሉ፤ በቀጣዩ ካርድ ግን ግንብም ልብስም የሌላት ሴት በእርጋታ ውሃ ታፈስሳለች። የፈረሰው ነገር መደበቂያም እንደነበረ ይህ ጥንድ በግልጽ ይናገራል።

4. ባሕርያቱ ይስማማሉ ወይስ ይጣላሉ?

በትር እሳት፣ ጽዋ ውሃ፣ ሰይፍ ነፋስ፣ ሳንቲም መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የተመሠረተው ወርቃማው ንጋት የተባለው የእንግሊዝ ማኅበር ያስተማረው ደንብ ዛሬም ይሠራበታል። አንድ ዓይነት ምድብ ሲደጋገም ኃይሉ ይበረታል። እሳትና ውሃ፣ ነፋስና መሬት ሲገናኙ ይዳከማሉ። የቀሩት ይደጋገፋሉ። ይህን እንደ ድምፅ መጠን ውሰዱት፦ ካርዱ የሚለውን አይለውጠውም፣ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል እንጂ።

5. የሰዎቹን ፊት መከተል

ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ፈረሰኛ ወይም ብላቴና ሲወጣ ወዴት እንደሚያይ ልብ በሉ። የሰይፍ ንግሥት ወደ ቀኝ ታያለች፤ የሰይፍ ፈረሰኛ ወደ ግራ ይጋልባል። እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ ከሆኑ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ ቦታ ቢለዋወጡ ጀርባ ይሰጣጣሉ። ጥያቄው ስለ ሁለት ሰዎች ንግግር ከሆነ ይህ ብቻ ብዙ ይነግራችኋል። ተገልብጦ የወጣ ካርድ አቅጣጫውም እንደሚገለበጥ አትርሱ።

6. «እና»ን ትቶ ዓረፍተ ነገር መሥራት

ያያችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ማያያዣው ግን «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «እስኪ... ድረስ» ወይም «ምንም እንኳ» ይሁን። ለዚህ የሚመቸው የሚቃረን ጥንድ ነው። ሦስት ሰይፍ ላይ ልብ በሦስት ሰይፍ ተወግቶ ዝናብ ይዘንባል። አሥር ጽዋ ላይ ቀስተ ደመና ወጥቶ ባልና ሚስት እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ልጆቻቸው ይጨፍራሉ። ሁለቱን አማካኝ አድርጎ «መጠነኛ ደስታ» ማለት ካርዶቹን ዝም ማሰኘት ነው። ቦታው «መነሻና መድረሻ» ከሆነ «ሐዘኑ በግልጽ እስኪለቀስ ድረስ ቤቱ ሰላም አያገኝም» ሊሆን ይችላል፤ ዝናቡና ቀስተ ደመናው ይገጣጠማሉና። «ሕመሙና ምንጩ» ከሆነ ግን የሚያቆስለው ራሱ የፍጹም ቤተሰብ ሕልም ነው፤ «እንዲህ መሆን ነበረብን» የሚል ሐሳብ።

ዓረፍተ ነገሩ ሳይጻፍ «ለማብራሪያ» ብላችሁ ሦስተኛ ካርድ አታውጡ። ሦስተኛው ካርድ ያልተነበቡትን ሁለቱን አያነብላችሁም።

7. ለጠያቂው መንገር

ያያችሁትን ሥዕል እያሳያችሁ ተናገሩ፤ ጠያቂው ራሱ እናንተ ያላያችሁትን ያያል። ስለ በሽታ፣ ስለ እርግዝና ወይም ስለ ፍርድ ቤት ጉዳይ ከካርድ ብያኔ አትስጡ። እነዚህ ባለሙያ ያላቸው ጉዳዮች ናቸው፤ ሰውም በሰማው ላይ ተመሥርቶ ሕክምናውን ሊያቋርጥ ይችላል።

ለልምምድ አንድ ካርድ ለአንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተዉትና በየቀኑ አዲስ ጎረቤት አውጡለት። ባሕታዊውን ብትመርጡ ፋኖሱን ይዞ ሦስት ሴቶች በሚጨፍሩበት ሦስት ጽዋ ጎን ሲቆም ከግርግሩ ፈቀቅ ያለ ሰው ይመስላል። በረዶ ላይ ሁለት ችግረኞች በሚሄዱበት አምስት ሳንቲም ጎን ሲቆም ግን ያው ፋኖስ መንገድ የሚያሳይ ይሆናል። የየቀኑን ዓረፍተ ነገር ከነቀኑ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከጎረቤቶቹ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አጽንታችሁ ልምምዱን ድገሙት።